በጅማ መንገድ የትኛው ያገለገለ ኤስዩቪ ይሻላል? እያንዳንዱን ከነበሽታው

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ አጎቴ ከአጋሮ ደወሉልኝ። «ራቭ ፎር አግኝቻለሁ። ንጹሕ ናት፣ እንደ አዲስ ናት። ነገ ቀብድ ልሰጥ ነው» አሉኝ። ቡና ሸጠው ብሩ እጃቸው ላይ ነበር። ደላላው ደግሞ «ሌላ ሰው እየጠበቃት ነው» እያለ አስጨንቋቸዋል። «ጋሼ፣ እባክዎ አንድ ቀን ብቻ ይታገሡኝ» ብዬ ለመንኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጅማ ኮቺ ሰፈር፣ ሻጩ ግቢ ደረስን። መኪናዋ ታጥባ ታብለጨልጫለች። ሰላምታ እየተለዋወጥን እጄን ኮፋኖው ላይ አሳረፍኩ። ሞቋል። ቆማ ያደረች መኪና ኮፋኖዋ በኅዳር ጠዋት ሊሞቅ አይችልም። እኛ ሳንደርስ አስነስተው አሙቀዋታል ማለት ነው። አልተጣላንም። «ነገ ተመልሰን እንመጣለን፤ እስክንደርስ እንዳትነሳ» ብለን ሄድን።

በማግስቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ኮፋኖው እንደ በረዶ ቀዝቅዞ አገኘነው። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተን ሞተሩን አስነሳን። ውሃው ውስጥ ትንንሽ አረፋ እየተከታተለ ይወጣ ጀመር። አሁን ይቆማል፣ አሁን ይቆማል ብለን ጠበቅን። አልቆመም። ከሲሊንደሩ የሚያመልጥ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነበር። የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን ሄዷል። አጎቴ ቀብዱን ኪሳቸው ውስጥ እንደያዙ ተመለሱ።

ራቭ ፎር መጥፎ መኪና ስለሆነች አይደለም ይህን የምነግራችሁ። ይህ ችግር በዚያ ሞተር ላይ የታወቀ ስለሆነ ነው። አንድ የማከብረው የጅማ መካኒክ «በሽታ የሌለው መኪና የለም፤ በሽታውን ሳታውቅ የገዛኸው ነው የሚጎዳህ» ይለኛል። ስለዚህ ከዚህ በታች እዚህ ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙትን ኤስዩቪዎች ከነበሽታቸው አስቀምጣለሁ። የሞዴል ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። አሁን ገበያው ላይ ያለው መኪና ዕድሜው የገፋው ያለምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጪ ያሉ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ቀድመው የገቡት የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ መዞራቸውን ቀጠሉ። አራተኛ ወይም አምስተኛ ባለቤት መሆናችሁን ከወዲሁ ተቀበሉት። በዚህ ሁኔታ ከሞዴሉ ስም ይልቅ የመኪናዋ ታሪክ ይበልጣል።

መጀመሪያ መለኪያው

ብዙ ሰው ከስም ይጀምራል። «ቶዮታ ነው» ይባላል፣ ጨዋታው እዚያ ያበቃል። እኔ ከመንገድ ብትጀምሩ እመርጣለሁ።

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ መሐል ላይ የጊቤ በረሃ አለ። ከሶኮሩ አልፋችሁ ወደ ጊቤ ድልድይ ስትወርዱ የሚፈተነው ፍሬኑ ነው። ከድልድዩ ወደ ወልቂጤ ስትወጡ የሚፈተነው ሞተሩና ራዲያተሩ ነው። ሙቀት፣ ዳገትና ጭነት አንድ ላይ ይመጣሉ። ከተማ ውስጥ ምንም የማያሳይ የደከመ ሞተር እዚያ ውሃ ያፈላል። በወር ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ የምትመላለሱ ከሆነ ትልቁ ጥያቄያችሁ የማቀዝቀዣው ጤና ነው።

ወደ ጌራ፣ ወደ ሊሙ ወይም ከሰቃ ወደ ውስጥ የምትገቡ ከሆነ ግን ጥያቄው ይለወጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ቀይ ጭቃ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እዚያ የሚያስፈልገው ከፍታና በትክክል የሚሠራ ባለአራት ጎማ ጉተታ ነው። ከጅማ መርካቶ እስከ ዩኒቨርሲቲው ብቻ ለሚነዳ ሰው ግን ባለአራት ጎማ ጉተታ ነዳጅ የሚበላና ተጨማሪ የሚበላሽ ዕቃ ነው። ይህን ደፍሮ የሚናገር ደላላ አላየሁም።

ከመንገዱ ቀጥሎ ዕቃውና መካኒኩ ይመጣሉ። ጅማ ውስጥ የቶዮታ ዕቃ ሱቅ ለሱቅ ዞራችሁ ታገኛላችሁ። ለሌሎቹ አዲስ አበባ ደውላችሁ በአውቶቡስ ታስልካላችሁ። ፊልትሮና የፍሬን ሸራ ሲሆን ችግር የለውም። የካምቢዮ ኮምፒውተር ሲሆን መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ ሳምንታት ትቆማለች። መካኒኩ ያንን ሞዴል ስንት ጊዜ ፈቷል? ይህንን ከመግዛታችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ።

የቀሩት መለኪያዎች የነዳጅ ፍጆታ፣ የታወቀው በሽታ የጥገና ወጪና መልሶ መሸጫ ዋጋ ናቸው። የመጨረሻው ላይ ቶዮታ ያለ ክርክር ይበልጣል። ግን ያንን ብልጫ ስትገዙ አስቀድማችሁ ትከፍሉታላችሁ።

የትኛውንም ብትገዙ የምታዩት

ጠዋት ሂዱ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ካልጠበቃችሁ ተመለሱ። የቀዘቀዘ ሞተር አይዋሽም።

ቁልፉን ግማሽ አዙሩና ክሩስኮቱን ተመልከቱ። የሞተር ምልክት ያለበት ቢጫ መብራት መብራት አለበት፤ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ መጥፋት አለበት። ከመጀመሪያውም ካልበራ ሰው አጥፍቶታል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከዚህ በላይ ማየት ሳያስፈልገኝ የሚያስመልሰኝ ምልክት ነው። ስልክ ላይ የሚሠራ ርካሽ ስካነር ካላችሁ ሰክታችሁ አንብቡ። አብዛኞቹ ፍተሻዎች «አልተጠናቀቀም» የሚሉ ከሆነ በቅርቡ ኮድ ተሰርዟል ወይም ባትሪ ተነቅሏል ማለት ነው።

ሲነሳ ጭሱን ከኋላ ሆኖ የሚያይ ሰው አቁሙ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያሳያል። ነጭ ጭስ በጅማ ብርድ ለጥቂት ደቂቃ ቢወጣ እንፋሎት ነው፤ ሞተሩ ሞቆም ካልቆመ ግን ውሃ እየገባ ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል፤ ናፍጣ ላይ ከሆነ ኢንጀክተሮቹን ጠርጥሩ።

የራዲያተሩን ክዳን የምትከፍቱት ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ ነው። የሞቀ ራዲያተር ፊት ያቃጥላል፤ አደራ። ውሃው ላይ የዘይት ቅባት ካለ፣ ወይም እንደ አጎቴ ራቭ ፎር አረፋ ከተከታተለ፣ ጨዋታው አልቋል። የዝገት ቀለም ያለው ውሃ ካያችሁ ደግሞ ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ሲጨመርበት ኖሯል። የዘይት መጨመሪያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ማየት ሁሌም ቴስታታ ሄዷል ማለት አይደለም። በክረምት አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ መኪና ላይ ከእርጥበትም ይመጣል። የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ላይም ካለ ግን ተመለሱ።

ታጥቦ የተብለጨለጨ ሞተር አያስደስታችሁ። የዘይት ማፍሰሻ ቦታ ሁሉ ከአቧራው ጋር ታጥቦ ሄዷል። ከቻላችሁ ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሳችሁ እዩት።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለውና እኔ ብዙ የምቆምበት ቦታ፦ ጎማው። አራቱም ጎማ አንድ ስም፣ አንድ መጠንና ተቀራራቢ ጥርስ አላቸው? እኛ አገር ጎማ ሁለት ሁለት ነው የሚገዛው። ለተራ መኪና ይህ ችግር የለውም። አራቱም ጎማ ሁልጊዜ የሚጎተትባት መኪና ላይ ግን የፊቱና የኋላው ጎማ ዙሪያቸው ከተለያየ መሐል ያለው ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ዕቃ) ወይም መጋጠሚያ ቀን ከሌት ሲታገል ይኖራል። ይሞቃል፣ ያልቃል። ባለቤቱ አያውቀውም። የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። በደረቅ ሜዳ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ በዝግታ ክብ ሥሩ። መኪናዋ ሰው ወደኋላ እንደያዛት የምትታገል ከሆነ፣ ወይም ጎማው የሚዘል ከሆነ፣ መሐል ላይ ችግር አለ። ከጎማው አጠገብ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከመጣ ደግሞ የፊት አክስሉ መጋጠሚያ አልቋል። ጎማው ጎን ላይ ያለውን ባለአራት አኃዝ ቁጥርም አንብቡ፤ 2319 ካለ በፈረንጅ 2019 ዓመት 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ የ10 ዓመት ጎማ ጎማ አይደለም።

ኪሎ ሜትሩን አትመኑ። የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክ፣ የመሪውን ቆዳና የሹፌሩን ወንበር ጠርዝ እመኑ። 90,000 ኪሎ ሜትር የሚል መኪና የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ተልጦ ብረቱ ከታየ ቁጥሩ ተነክቷል። የተሠራበትን ዓመት ለማረጋገጥ የወንበር ቀበቶውን እስከ ታች ሳቡት፤ ብዙ ጊዜ ዓመቱ የተጻፈበት ጨርቅ ተሰፍቶበታል። ከሊብሬው ጋር አስተያዩት።

በማግኔት የመኪናውን ገላ ዙሩ። ማግኔቱ በቀጭን ጨርቅ ተጠቅልሎ በደንብ የማይጣበቅበት ቦታ ስቱኮ አለ። በር ላይ ትንሽ ስቱኮ ማንም መኪና ላይ አይጠፋም። የጣሪያ ማዕዘንና የበር ምሰሶ ላይ ከሆነ ግን ተገልብጣለች። ከሥር ግቡ። ሻንሲው አዲስ ጥቁር ቀለም ከተቀባ ምን ሊደበቅ እንደሆነ ጠይቁ። የእኛ አገር ቀይ ጭቃ ሻንሲው ውስጥ ተጣብቆ እርጥበት ይይዛል፤ ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጣታችሁን አስገብታችሁ አውጡት። ምንጣፉንም ግለጡ። ከሥሩ የደረቀ ደለል ካለ መኪናዋ ውሃ ውስጥ ገብታ ታውቃለች።

መንዳት ሲመጣ ከተማ ውስጥ ባጃጅ እየጠበቃችሁ አትዙሩ። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወጣውን የጅሬን ዳገት ውጡት። ማቀዝቀዣ ካለው ክፈቱት። የሙቀት መለኪያው ከመሐል ፈቀቅ ካለ ጊቤን አይችልም። ማንዋል ከሆነ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስትሰጡ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። አውቶማቲክ ከሆነ ከቆመችበት ከዲ ወደ አር ስታስገቡ ቶሎና በለሰለሰ ሁኔታ መያዝ አለበት። ዘግይቶ «ድም» ብሎ የሚይዝ ካምቢዮ ዕድሜው አጥሯል። የካምቢዮ ዘይቱ ብዙ ጊዜ ቀይ ነው፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው አትግዙ። ስትወርዱ ፍሬኑን ረገጥ ረገጥ አድርጉ፤ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣምሟል። ዲስክ ርካሽ ነው፤ እሱን ለዋጋ መደራደሪያ ተጠቀሙበት።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*ቶዮታ ራቭ ፎር።* እዚህ በብዛት ያለችው ሁለተኛዋ ትውልድ ናት፣ ከ2001 እስከ 2005። ሦስተኛዋ ከ2006 እስከ 2012 ናት። ለአስፋልትና ለመካከለኛ ጠጠር መንገድ በጣም ምቹ ናት። ዕቃ ጅማ ውስጥ አለ፣ መካኒኩም በቃሉ ያውቃታል። በሽታዋ ግን ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ነው። በ2.0 እና በ2.4 ሊትር ሞተሮቿ ላይ ቴስታታውን የሚይዙት ብሎኖች ጥርሳቸው ከብሎኩ ውስጥ ይለቃል። ውሃ ከሞተሩ ጀርባ ያፈስሳል፤ ከዚያ ሙቀት ይከተላል። ጓርኒሲዮን መቀየር ብቻ አያድናትም፤ የብሎኑ ቀዳዳ በባለሙያ እንደገና ጥርስ ሊወጣለት ይገባል። ስለዚህ ከሞተሩ ጀርባ በእጅ ባትሪ እያበራችሁ የደረቀ የኩላንት ነጭ ወይም ሮዝ ዱካ ፈልጉ።

ከ2001 እስከ 2003 ያሉት አውቶማቲኮች የሞተሩ ኮምፒውተር ችግር አለባቸው። ካምቢዮው እየመታ ይቀይራል። ቶዮታ ራሱ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ የዋስትና ጊዜ አራዝሞ ነበር። ማንዋል ካገኛችሁ ማንዋሉን ያዙ። ከ2006 እስከ 2008 ያለችው ባለ2.4 ደግሞ ዘይት ትጠጣለች፤ የፒስተኑ ፋሻ ነው ምክንያቱ። ሻጩን «በስንት ኪሎ ሜትር ዘይት ትጨምራለህ?» ብላችሁ በድንገት ጠይቁት። «ኧረ አትጨምርም» ካለ ዘንጉን አውጥታችሁ እዩ። ከጃፓን የገባች ዲ-ፎር የሚል ጽሑፍ ያለባት ቀጥተኛ ኢንጀክሽን ናት፤ ለነዳጅ ጥራት ትጨነቃለች። እኔ አልገዛትም። 1.8 የሆነችው በፊት ጎማ ብቻ የምትጎተት ናት፤ ለከተማ ሰው ግን ጥሩ ናት።

*ሱዙኪ ግራንድ ቪታራ፣ ከ2006 ወዲህ።* ለጭቃ የምሰጣት ደረጃ ከፍተኛ ነው። አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ይጎተታሉ። አብዛኞቹ ባለአምስት በር ሞዴሎች መሐል ላይ የሚቆለፍ ዲፈረንሻልና ከባድ ማርሽ አላቸው። ይህ በዚህ መጠን ባሉት መኪኖች ላይ ብዙም የማይገኝ ነገር ነው። ክሩስኮቱ ላይ ያለውን ማዞሪያ ወደ 4ኤል (ወደ ከባዱ ማርሽ) አስገቡት፤ መኪናዋ ቆማ ካምቢዮው ነጻ ላይ መሆን አለበት። መብራቱ እየብለጨለጨ ካልያዘ ማስገቢያ ሞተሩ ተበላሽቷል፤ ዋጋ ቀንሱ ወይም ተዉት።

በሽታዋ በ2.0 ሞተሯ ላይ ያለው የታይሚንግ ሰንሰለት (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያናብበው) ነው። ዘይቱ በሰዓቱ ካልተቀየረ ሰንሰለቱን የሚወጥረው ዕቃ ይደክማል። ጠዋት ስትነሳ ለጥቂት ሰከንድ ቆርቆሮ የሚንቀጠቀጥ የመሰለ ድምፅ ትሰማላችሁ። ከሞቀች በኋላ ይጠፋል። ሻጩ የሚያሞቃትም ለዚህ ነው። የነዳጅ ፍጆታዋም ከራቭ ፎር ይበልጣል። ዕቃዋ ጅማ ውስጥ ውሱን ነው፤ ከአዲስ አበባ ይመጣል።

*ዳይሃትሱ ቴሪዮስና ቶዮታ ራሽ፣ ከ2006 ወዲህ።* ሁለቱ አንድ መኪና ናቸው፤ የሚለየው ስማቸው ነው። ሞተሩ 1.5 ነው፣ ከመሬት ያላት ከፍታ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀላል በመሆኗ ጭቃ ላይ ከሚጠበቅባት በላይ ትሄዳለች። ባለአራት ጎማዋን የምትፈልጉ ከሆነ መሐሉን የምትቆልፈውን ቁልፍ ክሩስኮቱ ላይ ፈልጉት፤ ቁልፉ ከሌለ፣ በኋላ ጎማ ብቻ የምትጎተት ናት። ነዳጇ ትንሽ ነው፣ ጠባብ በመሆኗ ለመርካቶ መንገድ ትመቻለች። ድካሟ ዳገት ላይ ነው። አምስት ሰውና ዕቃ ጭና ጊቤን ስትወጣ ሞተሯ ይጮሃል፤ ከባድ መኪና ለመቅደም አትድፈሩባት። የኋላ ኩሽኔታዋን አዳምጡ፤ በ60 ፍጥነት እንደ አውሮፕላን የሚያጉረመርም ድምፅ ካለ አልቋል።

*ሁንዳይ ቱሳንና ኪያ ስፖርቴጅ፣ ከ2004 እስከ 2010 ገደማ።* ዋጋቸው ከቶዮታ ያንሳል፣ ውስጣቸው ሰፊ ነው። የመጀመሪያው ቱሳን 2.0 ቤንዚን ሞተር በሰንሰለት ሳይሆን በቺንጋ ነው የሚሠራው። በየ90,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየር አለበት። ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ተጋጭተው ይጣመማሉ። ያን ጊዜ ሞተሩ ይወርዳል። ሻጩ የተቀየረበትን ደረሰኝ ካላሳየ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት፤ ወጪውንም ከዋጋው ላይ ቀንሱ። ለአስፋልት እንጂ ለጌራ መንገድ አልመክራቸውም።

*ኒሳን ኤክስ ትሬይል።* አጭር ነው የምለው። ከ2001 እስከ 2007 ያለችው ተራ ካምቢዮ አላት፤ ሰንሰለቷንና ዘይት መጠጣቷን አይታችሁ መግዛት ትችላላችሁ። ከ2007 በኋላ ያለችው ሲቪቲ ካምቢዮ (ደረጃ ያለው ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ) የገባባት ከሆነች ግን ዳገት ላይ ትሞቃለች፤ የራሷ ዘይት ካልሆነም ትበላሻለች። ጅማ ውስጥ ያንን ካምቢዮ ፈቶ በትክክል የሚገጥም ሰው እስካላገኛችሁ ድረስ አትግቡበት።

*ቶዮታ ፕራዶ።* ብሩ ካለና መንገዱ ከባድ ከሆነ ይሄ ነው። ሻንሲው ከገላው የተለየ ነው፣ ጭነት ይችላል፣ ሲሸጥም ብር ነው። ግን ሞተሩን ለዩ። አሮጌው ባለ3.0 ቱርቦ ናፍጣ፣ ዋን-ኬዜድ የሚባለው፣ ሲሞቅ ቴስታታው ይሰነጠቃል። አዲሱ ዲ-ፎር-ዲ ናፍጣ ደግሞ የኢንጀክተሮቹ የመዳብ ቀለበቶች ሲያረጁ ጋዝ ወደ ዘይቱ ያስገባሉ። ዘይቱ ይጠቁራል፣ ጥቀርሻው ከኮፓው (ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት መያዣ) ውስጥ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል፤ ሞተሩ ዘይት ያጣል። ስለዚህ ፕራዶ የምትገዙ ከሆነ ኮፓው ወርዶ ወንፊቱ ይታይ። ሻጩ እምቢ ካለ በራሳችሁ ወጪ አሠሩት፤ ከአንድ ኢንጀክተር ዋጋ በጣም ያንሳል። የ2.7 ቤንዚኑ ጉልበቱ ትንሽ ቢሆንም ከሁሉም በላይ የማይረብሽ ነው። ለቡና ጭነት ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ የላንድ ክሩዘር ሐርድቶፑን ባለ4.2 ናፍጣ ተመልከቱ። ምቾት የለውም፤ ኮምፒውተርም የለበትም፤ ገጠር ውስጥ ማንም መካኒክ ያስነሳዋል።

| መኪና | ጠንካራ ጎን | ቅድሚያ የሚታይ በሽታ | ነዳጅ | ዕቃ በጅማ | ለየትኛው መንገድ |
|---|---|---|---|---|---|
| ራቭ ፎር 2001–2005 | ምቾት፣ መሸጫ ዋጋ | የቴስታታ ብሎን፣ የሞተር ኮምፒውተር (አውቶማቲክ) | መካከለኛ | በቀላሉ | አስፋልት፣ ጠጠር |
| ራቭ ፎር 2006–2012 | ስፋት፣ ምቾት | ዘይት መጠጣት (2.4) | መካከለኛ | በቀላሉ | አዲስ አበባ ምልልስ |
| ግራንድ ቪታራ | ከባድ ማርሽ፣ ቁልፍ | የታይሚንግ ሰንሰለት | ከፍ ያለ | ውሱን | ጭቃ፣ ገጠር |
| ቴሪዮስ / ራሽ | ቀላል፣ ቆጣቢ | የኋላ ኩሽኔታ፣ ጉልበት ማነስ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ከተማ፣ ቀላል ገጠር |
| ቱሳን / ስፖርቴጅ | ዋጋ፣ ስፋት | የታይሚንግ ቺንጋ | መካከለኛ | ውሱን | አስፋልት |
| ኤክስ ትሬይል | ስፋት | ሲቪቲ (ከ2007 ወዲህ) | መካከለኛ | ውሱን | አስፋልት |
| ፕራዶ | ጥንካሬ፣ መሸጫ ዋጋ | ኢንጀክተር፣ ቴስታታ | ከፍተኛ | በቀላሉ | ሁሉም |

ለማን የትኛው?

ከተማ ውስጥ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሳችሁ ቢሮ የምትገቡ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ ቴሪዮስ ወይም 1.8 ራቭ ፎር ይበቃችኋል። በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ከተጎዳች ራቭ ፎር በደንብ የተያዘች ቴሪዮስ ትሻላለች። ብዙ ሰው ስሙን ብሎ የተጎዳችውን ሲገዛ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ ነጋዴ ማንዋል ራቭ ፎር ይያዝ፤ ወይም ቺንጋው ተቀይሮ ደረሰኝ ያለው ቱሳን። ሁለቱም ላይ ራዲያተሩን አውጥቶ ማጽዳት በመጀመሪያው ወር የሚሠራ ሥራ ነው።

ቡና ያላችሁ፣ ዓመቱን ሙሉ ገጠር የምትገቡ ሰዎች፣ ብሩ ከደረሰ ፕራዶ 2.7 ቤንዚን፤ ካልደረሰ ግራንድ ቪታራ። አጎቴም የገዙት ቪታራ ነው። የጌራን መንገድ ባለፈው ነሐሴ ሲወጡ ሁለት ጊዜ 4ኤል አስገብተው አልፈዋል። ለነዳጁ ያማርራሉ፤ ግን ጭቃ ውስጥ አላደሩም።

በጀቱን ስትይዙ ከጠቅላላው ቢያንስ አንድ አሥረኛውን ለመጀመሪያው ጥገና አስቀሩ። ሁሉንም ብር ለሻጩ ሰጥቶ ጎማ መግዣ ያጣ ሰው ብዙ ነው።

ወረቀቱ

ሊብሬውን ይዛችሁ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን መኪናው ላይ ራሳችሁ አንብቡ። የሻንሲ ቁጥሩ ፊደሎች ከተፋቁ ወይም አካባቢው አዲስ ብየዳ ካለው አትንኩት። መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ የባንክ እግድ፣ ያልተከፈለ ቅጣትና የቦሎ ሁኔታ አረጋግጡ። ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ወደ ስማችሁ አይዞርም፤ «በኋላ እናዞራለን» የሚል ቃል አትቀበሉ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ፣ ካላገባ ደግሞ የማስረጃ ወረቀቱ ያስፈልጋል። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ መጥቀሱን አንብቡ፤ ባለቤቱንም በስልክ አግኙት። ውሉ ውልና ማስረጃ ፊት ሳይፈረም ሙሉ ብር አይውጣ።

ቁልፉን በተረከባችሁ ሳምንት የሞተሩን ዘይት ከነፊልትሮው፣ የካምቢዮውን ዘይት፣ የዲፈረንሻሉን ዘይት፣ የፍሬን ዘይቱንና ኩላንቱን ቀይሩ። ቺንጋ ያለው ከሆነ ቺንጋውን ከነውሃ ፓምፑ ቀይሩት። አጎቴ ይህን ሁሉ ባንድ ቀን አሠሩት፤ ከቪታራዋ የወጣው የዲፈረንሻል ዘይት ጭቃ ይመስል ነበር። የቀየራችሁበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በወረቀት ጽፋችሁ በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ኮፋኖው ሥር ለጥፉት።